የተበላሸ ሳንቲም ሁሉ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም

ፊደሉ የተደረበ፣ ምስሉ የተዛባ ወይም ጠርዙ የጎደለ ሳንቲም ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት እንደሚያወጣ ነው። ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሳንቲሙ እንዲህ የሆነው የት ነው? በማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣ ሳንቲም በመሆን ሂደት ላይ ሳለ ከሆነ ሰብሳቢዎች የማተሚያ ስህተት ይሉታል፤ ለአንዳንዱም ከተጻፈበት ዋጋ በብዙ ሺህ እጥፍ ይከፍሉበታል። ከማተሚያ ቤቱ ከወጣ በኋላ በመኪና ጎማ፣ በልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ በአሲድ ወይም በሰው እጅ ከሆነ ግን ጉዳት ነው፤ መልኩ ምንም ያህል እንግዳ ቢሆን ከተጻፈበት ዋጋ አያልፍም።

ሁለቱን ለመለየት ያልተለመዱ ሳንቲሞችን ፎቶ ማጥናት ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳት መልኩ ስለማያልቅ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይመጣል። የሚበጀው ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ሳንቲም በሚታተምበት ቅጽበት ብረቱ በታላቅ ግፊት ይፈስሳል፤ ከታተመ በኋላ የሚደርስበት ነገር ግን ብረቱን ይገፋዋል፣ ይፍቀዋል፣ ያጎብጠዋል ወይም ይበላዋል እንጂ አያፈስሰውም። ልዩነቱ በብረቱ ላይ ስለሚቀር በአጉሊ መነጽር ሊነበብ ይችላል።

ሂደቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ረጅምና ስስ የብረት ጥቅል በመቁረጫ ማሽን ስር እያለፈ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። የተቆረጡት ክቦች እንዲለሰልሱ በምድጃ ይሞቃሉ፤ ታጥበው ከደረቁ በኋላ ዙሪያቸውን በሚጨምቅ ማሽን ውስጥ ያልፉና ጠርዛቸው ጥቂት ከፍ ይላል፤ ይህን ከፍ ያለ ዙሪያ ከዚህ በኋላ ከንፈር እለዋለሁ። እንዲህ የተዘጋጀው ጥሬ ክብ ወደ መምቻ ማሽኑ ይገባል። በዚያ ሁለት የአረብ ብረት ማኅተሞች አሉ፤ አንዱ የፊቱን፣ ሌላው የጀርባውን ምስል ተገልብጦና ጎድጉዶ ይዟል። ጥሬው ክብ በሁለቱ መካከል ያርፋል፣ ዙሪያውን ወፍራም የብረት ቀለበት ያቅፈዋል፣ ከዚያም ማኅተሞቹ ይጨፈልቁታል። ብረቱ ወደ ማኅተሞቹ ጎድጓዳ ክፍሎች ሁሉ ይገባል፤ ወደ ጎን እንዳይሰፋ ቀለበቱ ይይዘዋል፤ በብዙ ሳንቲሞች ጎን ላይ የሚታዩት ጥርሶችም የሚወጡት ከዚሁ ቀለበት ነው። ዘመናዊ መምቻ ማሽን ይህን ሥራ በደቂቃ እስከ 750 ጊዜ ይደጋግመዋል።

እንግዲህ ስህተት የሚፈጠርባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ጥሬው ክብ፣ ማኅተሙ እና ምቱ። እንግዳ ሳንቲም በእጅ ሲገባ «ይህ ነገር ከሦስቱ በየትኛው ላይ፣ ምን ሆኖ ሊፈጠር ይችላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ለዚህ ጥያቄ አሳማኝ መልስ ካልተገኘ ሳንቲሙ ተጎድቷል ብሎ መነሳት ይሻላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ነገሩን ገልብጠው ስለሚይዙት ነው፤ «ይህ ጉዳት መሆኑን ማን አረጋገጠ?» ብለው ይነሳሉ። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታው ያለው ግን ስህተት ነው በሚለው ወገን ላይ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት ምልክቱ ከፍ ያለ ወይም የሰረጎደ መሆኑ ነው። ማኅተም ሲሰነጠቅ ወይም ሲጫር በላዩ ላይ ጎድጓዳ መስመር ይፈጠራል፤ በምቱ ጊዜ ብረቱ ወደዚያ መስመር ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ የሚታየው ከፍ ያለ መስመር ይሆናል። የአሜሪካ ማተሚያ ቤት በ2004 ባወጣው የዊስኮንሲን ግዛት ኳርተር (የ25 ሴንት ሳንቲም) ላይ፣ ከበቆሎው ሥዕል በስተግራ አንድ ተጨማሪ ቅጠል ያላቸው ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ቅጠሉ የታየው ማኅተሙ በመፋቁ ምክንያት ሲሆን በሳንቲሞቹ ላይ የሚታየው መስመርም ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው ሳንቲምን ምስማር ቢጭረው መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተገፋው ብረት ደግሞ መሄጃ ስለሌለው በጭረቱ ግራና ቀኝ ስስ ጉብታ ሆኖ ይቆማል። ብርሃን ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ሲያበሩበት ይህ ጉብታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ሕግ አንድ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አለው። ክር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የብረት ፍቅፋቂ ወይም የማሽን ቅባት በማኅተሙና በጥሬው ክብ መካከል ገብቶ አብሮ ሲመታ በሳንቲሙ ላይ የሰረጎደ ምልክት ይቀራል፤ ይህም እውነተኛ የምት ስህተት ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ስርጉድ ከጭረት በግልጽ ይለያል፤ ዳርና ዳሩ ላይ የተገፋ ብረት የለም፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ በዙሪያው ያለው ምስል የሌለበት ሜዳም ሳይረበሽ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይገኛል። ግፊቱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለነበረ ብረቱ የሚያመልጥበት ቦታ አልነበረውም።

የማኅተም ስንጥቅ እያደገ ሄዶ ከዳሩ ላይ ቁራሽ ሲወድቅ በሳንቲሙ ከንፈር አጠገብ ምንም ምስል የሌለበት ከፍ ያለ እብጠት ይፈጠራል። ይህን ዓይነቱን እብጠት ብየዳ አንጠባጥበው ለማስመሰል የሚሞክሩ አሉ፤ የሚጋለጡት ደግሞ በሌላኛው ፊት ነው። ማኅተሙ በተሰበረበት በኩል ብዙ ብረት ስለሚፈስስ፣ በትክክል ከዚያ ትይዩ ያለው የሌላው ፊት ክፍል ደካማ ሆኖ ይታተማል። እብጠቱ ኖሮ ትይዩው ምስል ሙሉና ጥርት ያለ ከሆነ ሳንቲሙ መጠርጠር አለበት።

ጠርዛቸው የጎደለ ሳንቲሞች ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል፤ ለመሥራት ቀላል ስለሚመስሉ በብዛት የሚጭበረበርባቸው እነዚህ ናቸው። የተዳመጠ ሊጥ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ተደርጎ ሲቆረጥ ብርጭቆው ቀድሞ በተቆረጠበት ቦታ ላይ በከፊል ቢያርፍ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድለት ይወጣል፤ በማተሚያ ቤትም የሚሆነው ይኸው ነው። የብረቱ ጥቅል በበቂ ርቀት ሳይራመድ ሲቀር መቁረጫው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ይወርድና ጥሬው ክብ ከዳሩ ቅስት የሆነ ጉድለት ይዞ ይወጣል። በጥቅሉ ጫፍ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ጉድለቱ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል።

ወሳኙ ነገር ጥሬው ክብ የጎደለው ከመታተሙ በፊት መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከንፈር በሚያወጣው ማሽን ውስጥ አልፏል፣ በማኅተምም ተመቷል። ከንፈር የሚያወጣው ማሽን ጥሬውን ክብ ከሁለት ወገን ስለሚጨምቀው፣ በአንድ በኩል ጉድለት ሲኖር በትይዩው በኩል የሚገፋው ነገር አያገኝም፤ ስለዚህ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ከንፈር ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይቀራል። ሰብሳቢዎች ይህን የብሌክስሊ ምልክት ይሉታል። በሁሉም እውነተኛ ጉድለት ላይ እኩል ጎልቶ አይታይም፤ በትናንሾቹ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሲገኝ ግን ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በመቀስ ሳንቲም የሚቆርጥ ሰው በሌላው ወገን ያለውን ከንፈር ማጥፋት እንደሚኖርበት አብዛኛውን ጊዜ አያስብምና።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደላት ናቸው። በምቱ ጊዜ በጉድለቱ በኩል ብረቱን የሚያግድ ቀለበት ስለሌለ ብረቱ ወደዚያ ይፈስሳል፤ በዚያ ያሉ ፊደላትና ቁጥሮች ወደ ጉድለቱ እየተለጠጡ፣ እየሰፉና እየደበዘዙ ይሄዳሉ። በቆርቆሮ መቀስ ወይም በሞረድ የተሠራ ጉድለት ላይ ግን ፊደሉ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሄድና በድንገት ይቆረጣል። የተቆረጠውን ጎን ራሱን በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እውነተኛው ጎን የመቁረጫ ማሽኑን የመጀመሪያ መልክ ይይዛል፤ ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ሻካራ ሆኖ በምቱ ግፊት ጥቂት ተድቦልቡሏል። የሐሰተኛው ጎን ትይዩ የሞረድ ጭረቶች ወይም የመቀስ ስለት የጫነው ሹል ጠርዝ ይታይበታል። ክብደት እዚህ ላይ አይረዳም፤ እውነተኛውም ሐሰተኛውም ቀላል ይሆናል።

ከመሀል ወጥቶ የታተመ ሳንቲም ከሁሉም ይልቅ ዓይን የሚስብ ነው፤ ጥሬው ክብ በማኅተሞቹ መካከል በትክክል ሳያርፍ ሲመታ ምስሉ በአንድ ወገን ይቆረጣል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ያልተመታ ባዶ ብረት ይቀራል። ይህን በመዶሻ ማስመሰል ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ሳንቲሙ ከመሀል ወጥቶ ከተመታ በፊቱም በጀርባውም ይታያል፤ አንዱ ፊት ብቻ ከተንሸራተተ ግን የአንዱ ማኅተም አቀማመጥ ነው የተዛባው፤ ይህም ስህተት ቢሆን እንኳ ዋጋው አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ከቀለበቱ ውጭ የተመታ በመሆኑ በጎኑ ላይ ሙሉ ጥርስ ሊኖረው አይችልም፤ ጥርሱ ዙሪያውን ከተሟላ ሳንቲሙ በቀለበቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የጠፋ ብረት ስለሌለ ክብደቱ ሙሉ መሆን አለበት።

ቀለበቱ ሳይነሳ ቀርቶ ምስሉ መሀል ላይ እንዳለ ብረቱ ወደ ጎን የሰፋ ሳንቲምም አለ። ይህን ለማስመሰል ሳንቲሙን በሁለት ቆዳ ወይም እንጨት መካከል አድርጎ በመዶሻ መምታት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሳንቲሙ በእርግጥ ይሰፋል፣ ጥርሱም ይጠፋል። ነገር ግን ምስሉም አብሮ ይሰፋል፣ ይደፈጠጣል፣ ፊደላቱ ይወፍራሉ። በእውነተኛው ላይ ግን የመሀሉ ምስል እንደ ማንኛውም አዲስ ሳንቲም ጥርት ያለና መጠኑን የጠበቀ ነው፤ የሰፋው ከምስሉ ውጭ ያለው ዳር ብቻ ነው። ጤነኛ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጦ የፊቱን ምስል ስፋት በካሊፐር መለካት ክርክሩን ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል።

በሞርሳ (ዕቃን ጨምቆ በሚይዝ የብረት መያዣ) የተጨመቁ ሳንቲሞች ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ገዢዎች በብዛት የሚታለሉት በእነዚህ ነው። እውነተኛው ስህተት እንዲህ ይፈጠራል፦ አንድ ሳንቲም ከተመታ በኋላ ሳይወጣ በአንዱ ማኅተም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀጥሎ የሚገባው ጥሬ ክብ በአንድ ወገን በማኅተሙ፣ በሌላው ወገን በተጣበቀው ሳንቲም ይመታል። የተጣበቀው ሳንቲም ምስል ከፍ ያለ ስለሆነ በአዲሱ ላይ የሚያስቀረው ምስል የሰረጎደና በመስታወት እንደታየ የተገለበጠ ነው። ሁለት የታተሙ ሳንቲሞችን ፊት ለፊት አድርጎ በሞርሳ የጨመቀም ሰው የሰረጎደና የተገለበጠ ምስል ያገኛል፤ በዚህ ምክንያት ነው ብዙዎች የሚታለሉት።

መለያው ግን ከእውነተኛው አፈጣጠር በቀጥታ ይወጣል። አንድ ሳንቲም የፊቱን ምስል በሚያትመው ማኅተም ላይ ተጣብቋል እንበል። ወደ ውጭ የሚታየው ጀርባው ነው። የሚቀጥለው ጥሬ ክብ በአንድ ወገን በጀርባው ማኅተም ተመትቶ ትክክለኛ ጀርባ ያገኛል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የተጣበቀውን ሳንቲም ጀርባ ተገልብጦና ሰርጉዶ ይቀበላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሳንቲም በሁለቱም ወገን የሚያሳየው አንድ ዓይነት ምስል ነው፤ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ግልብጥ። የራሱ ፊት ጨርሶ አልታተመም። በሞርሳ የተጨመቀው ላይ ግን የራሱ ፊትም የራሱ ጀርባም አለ፤ የሰረጎደው ምስል በነባሩ ምስል ላይ ተደርቦ የመጣ ነው፤ ነባሩ ምስልም ከፍ ባለባቸው ቦታዎች ተደፍጥጧል። በተጨማሪም ሞርሳው በሌላው ወገን የነካቸው ከፍተኛ ቦታዎች ጠፍጣፋና የሚያብለጨልጩ ይሆናሉ፤ አንዳንዴ የሞርሳው ጥርስ ራሱ ይታያል።

ወደ ተደረቡ ፊደላት ስንመጣ የጀማሪ ተስፋ በብዛት የሚያርፈው እዚህ ነው። የዚህ ዓይነት ታዋቂው ሳንቲም በ1955 በፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት የታተመው የአሜሪካ አንድ ሴንት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱና በፊቱ ያሉት ጽሑፎች ያለ አጉሊ መነጽር ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። በዚያን ዘመን አንድ ማኅተም ለመሥራት ከዋናው ቅርጽ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመቅ ያስፈልግ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ቅርጹ ጥቂት ዞሮ ስለተጨመቀ ምስሉ በማኅተሙ ላይ ራሱ ሁለት ሆነ። ከዚያ ማኅተም የወጣ ሳንቲም ሁሉ አንድ ዓይነት መደረብ አለው። ወደ 20,000 የሚጠጉ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ ሳንቲሞች ወደ ገበያ ወጡ።

ከአጋጣሚ የተገኘ አብዛኛው «ድርብ» ሳንቲም ግን የዚህ ወገን አይደለም። ማኅተሙ ከመታ በኋላ ሲነሳ ላልቶ ከሆነ ጥቂት ይንሸራተትና ገና የታተመውን ፊደል ዳር ይላጨዋል። ይህ በማተሚያ ቤት ውስጥ የሚፈጠር ቢሆንም በጣም የተለመደ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ተጨማሪ ዋጋ አይሰጡትም። ሁለቱን ለመለየት የአንዱን ፊደል ጫፍ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ማየት ይበቃል። ማኅተሙ ራሱ በተደረበበት ሳንቲም ላይ ሁለተኛው ፊደል እንደ መጀመሪያው ክብ ያለና ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱ ምስሎች የሚለያዩበት ጫፍ ላይ ትንሽ ሹል ስንጣቂ ይታያል፤ በጥቅሉ ሲለካም ፊደሉ ከጤነኛው ይልቅ ወፍራም ነው። ማኅተሙ በተንሸራተተበት ላይ ግን ሁለተኛው ምስል እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ብረቱ ከፊደሉ ስለተላጨም የቀረው ፊደል ከጤነኛው ይቀጥናል። ሲወፍር የማኅተም፣ ሲቀጥን የመንሸራተት ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

በ1955 ሴንቶች ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ሥራ የሠራና ያረጀ ማኅተም ከዳሮቹ እየተበላ ስለሚሄድ የመጨረሻው 5 ቁጥር ጥላ ያለው የሚመስልባቸው ሳንቲሞች በብዛት ታትመዋል፤ ሻጮችም «የድሃው ድርብ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ስሙ ቢያምርም ከታዋቂው ሳንቲም ጋር አንዳች ዝምድና የላቸውም። በአጠቃላይ ከማኅተም የሚመጣ ስህተት ተደጋጋሚ በመሆኑ የታወቁት ዓይነቶች በፎቶ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ በእጅ ያለውን ሳንቲም ከፎቶው ጋር ነጥብ በነጥብ ማመሳከር ይቻላል። ከምት የሚመጣ ስህተት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው፤ ስለዚህ አመጣጡን ከሂደቱ ማስረዳት ግድ ይሆናል።

የጠፋ ፊደልም በሁለት መንገድ ይመጣል። ቅባትና የብረት ዱቄት የማኅተሙን ጎድጓዳ ሲሞላው ብረቱ መግቢያ አጥቶ ፊደሉ ሳይታተም ይቀራል። በ2005 በወጣው የካንሳስ ኳርተር ላይ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው የእንግሊዝኛ መፈክር አንድ ፊደል በዚህ ምክንያት ጎድሎ «በእግዚአብሔር እንዝጋለን» (Trust የሚለው ቃል Rust ሆኖ) ወደሚል አስቂኝ ንባብ ተለውጧል። በእንዲህ ያለ ሳንቲም ላይ ፊደሉ የጠፋበት ቦታ ከሌላው ሜዳ ጋር እኩል ነው፣ የላይኛው ቆዳውም አልተነካም። ፊደሉ ተፍቆ ከሆነ ግን ቦታው ጥቂት ይሰረጉዳል፣ ጥቃቅን ጭረቶች ይኖሩታል፣ ብርሃኑንም ከአካባቢው በተለየ ሁኔታ ይመልሳል።

የብረት ዓይነትን በተመለከተ ሚዛንና ማግኔት ከማንኛውም ሊቅ ይልቅ ፈጥነው ይፈርዳሉ። በ1943 አሜሪካ መዳብን ለጦርነቱ ለመቆጠብ ሴንትን ዚንክ በተቀባ አረብ ብረት አተመች፤ ጥቂት የነሐስ ጥሬዎች ግን በስህተት ታትመው ወጡ፤ እነዚህ ዛሬ እጅግ ውድ ናቸው። ውድ ስለሆኑም የብረቱን ሳንቲም በመዳብ የቀባ ብዙ ነው። ማግኔት ከሳበው ነገሩ አበቃለት። ማግኔት ካልሳበው ክብደቱ ይታያል፤ የብረቱ 2.7 ግራም፣ የነሐሱ 3.11 ግራም ይመዝናል። ከዚያም የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ይመረመራል፤ የ1948ን የነሐስ ሴንት 8 ቁጥር በመፋቅ 3 የሚያስመስሉ አሉና፤ የእውነተኛው 3 ጅራት ከሌሎቹ ቁጥሮች በታች ወርዶ የሚዘረጋ ሲሆን የተፋቀው ግን ከ8 ስለተሠራ እንዲህ ሊወርድ አይችልም።

የአሜሪካ ኳርተር 5.67 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ 0.227 ግራም መብለጥ ወይም ማነስ የተፈቀደ ነው። አሠራሩ የመዳብ እምብርት በሁለት የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ንጣፎች መካከል የገባበት ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ከሳንቲሙ በግምት አንድ ስድስተኛ ስለሆነ አንዱ ንጣፍ ሳይኖር የታተመ ኳርተር በአንድ ወገን መዳብ መስሎ 4.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ግን 5.6 ግራም የሚመዝን ኳርተር አፈር፣ እሳት ወይም ኬሚካል ያቀለመው ነው። አሲድ የበላው ደግሞ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አሲድ ሳይመርጥ ሁሉንም ስለሚበላ ፊደላቱ ይሟሟሉ፣ ከንፈሩ ይሳሳል፣ የጎኑ ጥርስ ይላላል። ንጣፍ የጎደለው ሳንቲም ላይ ምስሉ በመዳቡ ላይ በትክክል የታተመ ነው።

በሌላ ሳንቲም ጥሬ ክብ ላይ የታተመም እንዲሁ ነው የሚታወቀው። የአንድ ሴንት ማኅተም የአሥር ሴንቱን የዳይም ጥሬ ቢመታ ጥሬው ስለሚያንስ የምስሉ ዳር ይቀርበታል፤ ክብደቱም 2.27 ግራም ይሆናል። ምስሉ ሙሉ ሆኖ ሳንቲሙ ብቻ ካነሰ በሞረድ፣ በቶርኖ ወይም በአሲድ ነው ያነሰው። በልብስ ማድረቂያ ማሽን ከበሮ ውስጥ ለወራት የተንከባለለ ሳንቲምም ያንሳል፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ፊደላቱን እስኪውጥ ይደርሳል፤ ሲያዩት ከማሽን የወጣ ቅርጽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳስታል።

ብዙ ማስረዳት የማያስፈልጋቸው ሌሎች ጥቂት ነገሮች አሉ። ከከንፈሩ ጋር ትይዩ የሆነ የሚያብለጨልጭ የክብ ጭረት ሳንቲሞችን በወረቀት የሚጠቀልለው ማሽን ያስቀረው ነው። በ1982 እና ከዚያ ወዲህ በታተሙ የዚንክ ሴንቶች ላይ የሚታዩ ድቡልቡል እብጠቶች ከመዳቡ ቅብ ስር የታመቀ አየር ናቸው። በሁለቱም ወገን የፊቱን ምስል የያዘ ሳንቲም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የአስማተኛ ዕቃ ነው፤ አንዱ ሳንቲም ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ሌላው በቶርኖ እንዲቀጥን ተደርጎ ይገባበታል፤ መጋጠሚያው በአንዱ ወገን ከከንፈሩ ውስጠኛ ዳር ጋር ስስ መስመር ሆኖ ይገኛል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጣልም ድምፁ የታፈነ ነው። ይህ ማለት ግን የማይጣጣሙ ሁለት ማኅተሞች አይገናኙም ማለት አይደለም። በ2008 በብሪታንያ የ20 ፔንስ ሳንቲም አዲስ የጀርባ ንድፍ ሲያገኝ ዓመተ ምሕረቱ ከጀርባ ወደ ፊት ተዛወረ፤ አዲሱ ጀርባ ከአሮጌው የፊት ማኅተም ጋር በመጣመሩም በየትኛውም ወገን ዓመት የሌላቸው ሳንቲሞች ወጡ። ዓመቱን የፋቀው ሰው አይደለም፤ የነበረበት ቦታም የለም።

አንድ አከራካሪ ወገን ይቀራል። ሳንቲም ከተመታ በኋላም እስከሚታሸግ ድረስ በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በማጓጓዣዎችና በመቁጠሪያ ማሽኖች ያልፋል፤ እዚያ ሊቆረጥ፣ ሊጎብጥና ሊፋቅ ይችላል። በግቢው ውስጥ የደረሰ ስለሆነ ስህተት ነው የሚሉ አሉ። ሰብሳቢዎች በአመዛኙ አይቀበሉትም፤ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፤ በማተሚያ ቤቱ ማሽን የተፋቀን ሳንቲም በመንገድ ከተፋቀው የሚለይ ምልክት በብረቱ ላይ አይቀርምና፣ ሊረጋገጥ የማይችል ነገር ዋጋ ሊቆረጥለት አይገባም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ማግኔት፣ ካሊፐር፣ ከጎን የሚበራ መብራት፣ እና ከሁሉም በላይ ተመሳሳይ ዓመትና ዓይነት ያለው ጤነኛ ሳንቲም። የተጠረጠረው ሳንቲም መታጠብም መወልወልም የለበትም፤ መወልወል የላይኛውን ቆዳ ስለሚያጠፋው እውነተኛ ስህተትም ቢሆን ዋጋው ይወድቃል፣ ለምርመራም የሚሆነው ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። እንደ ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲ እና አናክስ ያሉ አረጋጋጭ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው በማሸጊያ ይዘጉታል፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ «የተጎዳ» ቢሆንም የምርመራ ክፍያው አይመለስም። ስለዚህ ሳንቲሙን ከመላክ በፊት የፊቱን፣ የጀርባውንና የጎኑን ጥርት ያለ ፎቶ ከክብደቱና ከስፋቱ ልክ ጋር አድርጎ ልምድ ላላቸው ሰብሳቢዎች ማሳየት ይመከራል፤ ከፎቶዎቹም ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጎኑ ነው፣ ቀለበቱ ያረፈበት እሱ ሆኖ ሳለ።